ከመጋረጃው ጀርባ፦ አየርላንድ ዝም ያለችውን ማን ዘፈነው?

ቅዳሜ ማታ ነው፤ ኦክቶበር 3 ቀን 1992። ኒውዮርክ ውስጥ፣ ሚሊዮኖች በቀጥታ በሚከታተሉት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ፣ አንዲት የ25 ዓመት አየርላንዳዊት ብቻዋን ቆማለች። ፀጉሯን ተላጭታለች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። አጠገቧ ሻማ በርቷል። ጊታር የለም፣ ከበሮ የለም፣ ያለው ድምጿ ብቻ ነው። ሺኔድ ኦኮነር ትባላለች። የምትዘፍነው የቦብ ማርሊን «ዋር» (ጦርነት) ነው።

የዚህን ዘፈን ቃላት አማርኛ አንባቢ ሊያውቃቸው ይገባል። መጀመሪያ የተነገሩት በአማርኛ ነውና። ኦክቶበር 4 ቀን 1963 አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ኒውዮርክ፣ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆሙ። አንዱን ዘር የበላይ፣ ሌላውን የበታች የሚያደርገው አስተሳሰብ ተነቅሎ እስኪጣል ድረስ ዓለም ሰላም እንደማታገኝ ተናገሩ። ማርሊ በ1976 ያንን ንግግር ብዙም ሳይነካካ ዘፈን አደረገው። ሺኔድ ደግሞ ንግግሩ 29 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ እዚያው ከተማ ውስጥ ዘፈነችው።

አንድ ነገር ግን ቀየረች። ስለ ዘረኝነት በሚያወራው ቦታ ላይ በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን በደል አስገባች። መጨረሻው ላይ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊን ፎቶ ወደ ካሜራው አነሳችና ቀደደችው። «እውነተኛውን ጠላት ታገሉ» አለች። ስቱዲዮው ጭጭ አለ። አንድ እጅ እንኳ አላጨበጨበም።

ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሁልጊዜ የሚይዘኝ ከመቅደዱ ይልቅ ያ ዝምታ ነው። ምክንያቱም ሺኔድ የመጣችው ከዝምታ ሀገር ነው። አየርላንድ ውስጥ ሰውን አንድ ዓይነት አድርጎ የያዘው ሕግና ስብከት ብቻ አልነበረም። ሁሉም የሚያውቀውንና ማንም የማይናገረውን ነገር ሆድ ይፍጀው ብሎ የመኖር ልማድ ነበር። ያንን ልማድ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሰበረው ዘፈን ነው። እኛ የሕዝቡን ልብ ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» እንል የለ? አየርላንድ ውስጥም እረኛው ተናግሮ ነበር። ሰሚ ያገኘው ግን ከ10፣ ከ20፣ አንዳንዴም ከ39 ዓመት በኋላ ነው።

አጮልቀው የሚያዩ መስኮቶች

አየርላንዶች ስለ ትንሽ ከተማ ኑሮ ሲያወሩ አጮልቀው ስለሚያዩ መስኮቶች ያነሳሉ። አነጋገሩ የመጣው በ1918 ከወጣ ልብ ወለድ ርዕስ ነው። ብሪንስሊ ማክናማራ የተባለው ደራሲ የመጋረጃ ጫፍ ገለጥ አድርገው አላፊ አግዳሚውን ስለሚሰልሉ ጎረቤቶች ጻፈ። ዴልቪን በምትባለው ከተማ የሚኖሩ ሰዎች «ይሄ እኛን ነው» አሉና መጽሐፉን አደባባይ አውጥተው አቃጠሉት። የደራሲው አባት የመንደሩ መምህር ነበሩ። በእሳቸውም ላይ አድማ ተመታ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤቱ አስወጡ። ልጅ ለጻፈው አባት ከፈሉ።

እዚህ ላይ ይሉኝታ የሚለው ቃላችን ቶሎ ይመጣል። ይሉኝታ ግን መልካም ጎንም አለው፤ ሰውን ከክፋት ይገታል። የአየርላንዱን ለየት የሚያደርገው ከጎረቤት ዓይን በስተጀርባ ቤተ ክርስቲያኗና መንግሥት እጅ ለእጅ ተያይዘው መቆማቸው ነው። በ1935 የወሊድ መከላከያ መሸጥና ማስገባት በሕግ ተከለከለ። በ1937 የወጣው ሕገ መንግሥት ፍቺን ጭራሹን ዘጋው። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች ሴት ስታገባ ሥራዋን ትለቅ ነበር፤ ይህ ደንብ የተነሳው በ1973 ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከ10 ካቶሊኮች 9ኙ በየሳምንቱ ቅዳሴ ይሄዱ ነበር። እሑድ ማን እንደቀረ መንደሩ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው።

ሳታገባ ያረገዘች ልጅ ወደ እናቶችና ሕፃናት ማቆያ ትላካለች። አስቸጋሪ ናት የተባለች፣ ቤተሰብ የሌላት ወይም ዝም ብላ ቆንጆ የሆነች ልጅ መነኮሳት ወደሚያስተዳድሩት የልብስ ማጠቢያ ቤት ልትገባ ትችላለች። መቅደላዊት ማጠቢያ ቤቶች ይባላሉ። ከ1922 እስከ 1996 ወደ 10,000 የሚጠጉ ሴቶች እዚያ ያለ ደመወዝ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ አጥበዋል። የአንሶላው መኪና በየቀኑ በከተማው መሀል ይመላለስ ነበር። ማንም አላየም አይባልም።

ጭፈራም አልተረፈም። ጂሚ ግራልተን የሚባል ሰው ከአሜሪካ ወደ ትውልድ አውራጃው ሊትሪም ተመልሶ በቤተሰቡ መሬት ላይ አዳራሽ ሠራ። ወጣቶች እዚያ ይማሩ ነበር፣ ይከራከሩ ነበር፣ ይጨፍሩ ነበር። ካህናቱ በስብከት አወገዙት። ኦገስት 1933 መንግሥት ይህን የሀገሩን ተወላጅ ያለ ፍርድ ወደ አሜሪካ አባረረው። ከወራት በኋላ፣ በ1934 የመጀመሪያ ቀን፣ እዚያው ሊትሪም ሞሂል ከተማ ውስጥ 3,000 ያህል ሰዎች «ጃዝ ይውደም» እያሉ ሰልፍ ወጡ። በ1935 ደግሞ ከፍርድ ቤት ፈቃድ ሳያወጡ ሕዝባዊ ጭፈራ ማዘጋጀት በሕግ ተከለከለ። ሕጉ ስለ ቤት ውስጥ ጭፈራ በግልጽ አላወራም። በብዙ ቦታ ግን ካህናትና ፖሊሶች ማጀት ውስጥ አንድ ቫዮሊን ሲጮህ ሰምተው የሚገቡበት ሰበብ ሆነ።

ዘፈን ያን ያህል የሚያስፈራው ለምንድን ነው? ወጣቶች የሚገናኙት በጭፈራ ነው። ሲገናኙ ራሳቸው ይመርጣሉ። ማን ማንን እንደሚያገባ ደግሞ የመሬትና የውርስ ጉዳይ ነበር። በአይሪሽ ቋንቋ ለሽማግሌ ስለተዳረች ልጅ የሚዘፈኑ የቆዩ ዘፈኖች አሉ፤ ልጅቷ አፏን ሞልታ ባሏን የምትረግምባቸው። ብራያን ሜሪማን የተባለ የክሌር አውራጃ መምህርም በ1780 ገደማ ከ1,000 በላይ መስመር ያለው ግጥም ደርሶ ነበር። ሴቶች በሌሊት ችሎት ተሰብስበው ወንዶችን ይከሳሉ። ካህናት ለምን አያገቡም ብለውም ይጠይቃሉ። ሕዝቡ በቃሉ ይዞ ሲያነበንበው ኖረ። በ1946 የሳንሱር ቦርዱ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን አገደ። ዋናውን የአይሪሽ ግጥም ግን አልነካውም። እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው፦ አብዛኛው ሰው የሚያነበው እንግሊዝኛ ነበር፤ ስለዚህ የሚያሰጋው ብዙ ሰው የሚሰማው ነው።

አንዲት የ15 ዓመት ልጅ

ጃንዋሪ 31 ቀን 1984። በሀገሪቱ መሀል ያለች ግራናርድ የምትባል ትንሽ ከተማ። የክረምት ቀን ነው። አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ ከከተማዋ ከፍ ብሎ ወዳለው የማርያም ሐውልት ብቻዋን ሄደች። እዚያው፣ ከሐውልቱ ሥር፣ ወለደች። ሕፃኑ ሞተ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች አገኟት። ያን ቀን እሷም ሞተች።

ይህ የሆነው ሀገሪቱ ፅንስ ማስወረድን በሕገ መንግሥት ለማገድ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከወሰነች ገና 5 ወር ሳይሞላ ነው። ጋዜጠኞች ግራናርድ ሲደርሱ የሚያናግራቸው አጡ። ከተማዋ በሯን ዘጋች።

ግን አንድ ነገር ተከተለ። ጌይ በርን በሀገሪቱ በጣም የሚደመጥ የጠዋት ሬዲዮ ፕሮግራም ነበረው። ደብዳቤ ይጎርፍለት ጀመር። የጻፉት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። 30 ዓመት፣ 40 ዓመት ማንም ያልሰማውን ገመና አወጡ። በጓዳ የወለዱ፣ ልጃቸውን የተነጠቁ፣ ለባላቸው እንኳ ያልነገሩ። በርን አንድ ሙሉ ፕሮግራም ደብዳቤዎቹን በማስነበብ ጨረሰ። ሙዚቃ የለም፣ አስተያየት የለም፤ አንዱ ደብዳቤ ሲያልቅ ሌላው ይነበባል። በዚያ ጠዋት ማጀት ውስጥ ሬዲዮ ከፍታ ድንች የምትልጥ ሴት ታየኛለች። እኔ ብቻ ነኝ ብላ የያዘችው ነገር በማታውቀው ሰው ድምፅ ሲነበብ ሰማች።

«ዝም አይነቅዝም» የሚል ተረት አለን። የግራናርድን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ይህን ተረት እንደ ድሮው አልቀበለውም። እዚያ ዝምታ ነቅዟል። ሰው በልቷል።

በ1989 ክሪስቲ ሙር ስለዚህች ልጅ ዘፈነ። ሙር የኪልዴር ልጅ ነው፤ የሕዝብ ዘፋኝ ሲባል አየርላንዶች መጀመሪያ የሚያስቡት እሱን ነው። የዘፈኑ ፍሬ ነገር ሁሉም ያውቅ ነበር፣ ማንም አልተናገረም የሚል ነው። የአደባባይ ምሥጢር። ዘፈኑ ማንንም በስም አይከስም፤ ያ ነው ይበልጥ የሚያስጨንቀው። እያንዳንዱ ሰሚ «እኔስ?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። ከሙር ጎን ሆና የዘፈነችው ገና ወጣት የነበረች ሴት ናት፤ ሺኔድ ኦኮነር።

ሙር ከዚያ በፊትም ለዘፈኑ ከፍሎ ያውቃል። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1981 ደብሊን ውስጥ ስታርደስት በተባለ የጭፈራ ቤት እሳት ተነስቶ 48 ወጣቶች ሞቱ። መውጫ በሮች ተቆልፈው ነበር። ሙር በ1985 ይህን በዘፈን ተናገረ። ፍርድ ቤት ችሎት መድፈር ነው አለው፤ አልበሙ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ዘፈኑ ወጥቶ በሌላ ተተካ። ኤፕሪል 2024 ላይ የአስከሬን ምርመራ ችሎት ዳኞች 48ቱም በሕገ ወጥ መንገድ ተገድለዋል ብለው ወሰኑ። ከላይ 39 ዓመት ያልኩት ይህን ነው። የዘፈኑን ዕድሜ ቆጥሬ ነው።

ጊታር የገዛችላት መነኩሴ

ወደ ሺኔድ ልመለስ፤ ስለ እሷ ሳይብራራ የቀረ ብዙ ነገር አለ።

ልጅ እያለች እናቷ ክፉኛ ትደበድባት ነበር። ይህን ራሷ ደጋግማ ተናግራዋለች። ትምህርት ቤት መቅረትና ከሱቅ መስረቅ ስታበዛ ደብሊን ድረምኮንድራ ወደሚገኝ የልጃገረዶች ማረሚያ ገባች። አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ቆየች። ቦታው በሃይ ፓርክ ገዳም ግቢ ውስጥ ነው፤ ገዳሙ ከትልልቆቹ መቅደላዊት ማጠቢያ ቤቶች አንዱ የነበረበት። ስታጠፋ እንደ ቅጣት ማታ ማታ ያረጁ ሴቶች ወደሚተኙበት ክፍል ይልኳት ነበር። አሮጊቶቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ያጠቡ ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ነርስ ሲጣሩ ትሰማለች፤ የሚመጣ ነርስ የለም። ካልታረምሽ አንቺም እዚህ ትቀሪያለሽ እያሏት እንደሆነ ገባት።

እዚያው ግቢ ውስጥ ግን አንዲት መነኩሴ ጊታር ገዛችላት። የሙዚቃ አስተማሪም ፈለገችላት። ሺኔድ ይህንን ሳትናገር አታልፍም ነበር። ይህች ትንሽ ነገር ለእኔ ትልቅ ናት። ሺኔድ የተጣላችው ከእምነት ጋር እንዳልነበር ታሳያለች። እስከ መጨረሻዋ እግዚአብሔርን ስትፈልግ የኖረች ሰው ናት። በ2018 እስልምናን ተቀብላ ሹሃዳ የሚል ስም ይዛለች። የተጣላችው አውቀው ከደበቁ ሰዎች ጋር ነው።

ፀጉሯን የተላጨችውም ለፋሽን አልነበረም። ለንደን ያሉ የሙዚቃ ኩባንያዋ ሰዎች ፀጉርሽን አሳድጊ፣ ሴት ሴት የሚል ልብስ ልበሺ አሏት። ፀጉር ቤት ሄዳ ተላጭታ መጣች። የመንደር መጋረጃ ሸሽታ የሄደችበት ለንደንም የራሱ መጋረጃ ነበረው ማለት ነው።

የቀደደችውን ፎቶም ከእናቷ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ነው ያወረደችው። እናቷ በ1985 በመኪና አደጋ ሲሞቱ ወሰደችው። ፎቶው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በ1979 አየርላንድን ከጎበኙበት ጊዜ ነው። ያኔ ደብሊን ፊኒክስ ፓርክ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ወጥቷል፤ ከጠቅላላው ሕዝብ ሢሶው ማለት ነው። በጎልዌይ ለወጣቶች በተደረገው ቅዳሴ መድረኩን ያሟሟቁት ኤመን ኬሲ የተባሉ ጳጳስና ማይክል ክሊሪ የተባሉ ቄስ ነበሩ። ሁለቱም ልጅ እንደነበራቸው በኋላ ታወቀ። ስለዚህ ያ ፎቶ የአንድ ሰው ምስል ብቻ አይደለም። የምትደበድባት እናት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሁሉንም ያየ ፎቶ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። በ13ኛው ቀን ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለቦብ ዲላን ክብር በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ስትወጣ ጩኸት ተቀበላት። ከመድረክ አውርዳት ተብሎ የተላከው ዘፋኙ ክሪስ ክሪስቶፈርሰን ጆሮዋ ላይ አይዞሽ አላት። እሷ ልትዘፍን የተለማመደችውን የዲላን ዘፈን ተወችው። ባንዱን አስቁማ ያንኑ «ዋር» ያለ ሙዚቃ እየጮኸች ጨረሰችው። ኒውዮርክ ውስጥ ካሴትና ሲዲዎቿን መንገድ ላይ ዘርግተው በሮለር አደቀቋቸው። ቀልደኞች ተቀባበሏት። እብድ ናት ተባለ።

አሁን ቀኖቹን ብቻ እንይ። እሷ ፎቶውን የቀደደችው ኦክቶበር 1992 ነው። በ1993 የሃይ ፓርክ መነኮሳት ከግቢያቸው መሬት ሲሸጡ የመቅደላዊት ሴቶች መቃብር ተቆፈረ። የ155 ሴቶች አስከሬን ወጣ። ብዙዎቹ የሞት ምስክር ወረቀት እንኳ አልነበራቸውም። ሺኔድ ሌሊት ድምፃቸውን የሰማቻቸው ዓይነት ሴቶች ናቸው። በ1994 በአንድ ሕፃናትን በደፈረ ቄስ ጉዳይ ምክንያት የአየርላንድ መንግሥት ወደቀ። በ2009 ሁለት ትልልቅ የመንግሥት ሪፖርቶች ስለ ሕፃናት በደል ወጡ፤ አንዱ በማሳደጊያዎች፣ ሌላው በደብሊን ሀገረ ስብከት። በ2013 ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ በፓርላማ ለመቅደላዊት ሴቶች ይቅርታ ሲጠይቁ እንባቸው መጣ። ሺኔድን ግን ይቅርታ የጠየቃት ጥቂት ነው።

ዘፈን ብቻውን ሀገር ለወጠ እያልኩ አይደለም። ለውጡን ያመጡት በደሉን ችለው አደባባይ የወጡ ሰዎች፣ እልኸኛ ጋዜጠኞች፣ ጠበቆችና ሰነድ ያገላበጡ ተራ ዜጎች ናቸው። ዘፈን የሠራው ከዚያ በፊት ያለውን ሥራ ነው። ሊባል የማይቻለውን ነገር በአፍ ሊባል የሚችል አደረገው። ዜማ ደግሞ ይደጋገማል። ሰው ትርጉሙን ለመቀበል ሳይዘጋጅ ዜማው አፉ ውስጥ ይገባል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ የስደት። አየርላንድ ያልተመቸውን ሰው በጀልባ ትሸኝ ነበር። ያረገዘች ልጅም፣ ሥራ ያጣ ወጣትም፣ አልመሳሰል ያለ ሁሉ ወደ ሊቨርፑልና ለንደን ይሻገራል። ይህ ለሀገሪቱ እንደ ማስተንፈሻ ሆኖ ሠርቷል፤ የሚጮኸው ሰው ሲሄድ መንደሩ ጸጥ ይላል። ዘፋኝ ግን ሄዶም ድምፁ በሬዲዮ ይመለሳል። ብዙው የአየርላንድ የቁጣ ዘፈን ለንደን ውስጥ የተሠራው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ቦብ ጌልዶፍን እናንሳ። እኛ የምናውቀው በ1984ቱ የረሃብ ዘፈንና በ1985ቱ ኮንሰርት ነው። ክርስትናን ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የያዘችን ሀገር ሰዎች የገና በዓል መሆኑን ያውቃሉ ወይ ብሎ የጠየቀው ያ ዘፈን ያስከፋን ብዙ ነን። ከዚያ በፊት ግን ጌልዶፍ የቡምታውን ራትስ ዘፋኝ ነበር። በቴሌቪዥን ቀርቦ ካህናትንና ፖለቲከኞችን ከዘለፈ በኋላ ቡድኑ በሀገሩ መድረክ ተከለከለ። በ1980 ሀገሩን «ባናና ሪፐብሊክ» ብሎ ዘፈነባት። ቁጣው ስለታም ነው፤ ዛሬም ሲሰማ ይነክሳል።

ሆዚየር የተባለው ዘፋኝ ደግሞ ሌላ ዘመን ላይ ደረሰ። በ1990 ብሬይ ከተማ አካባቢ የተወለደ ልጅ ነው። ትሪኒቲ ኮሌጅ ጀምሮ ለሙዚቃ ሲል አቋረጠ። በ2013 ወላጆቹ ቤት ጣሪያ ሥር ባለች ክፍል ውስጥ የጀመረው «ቴክ ሚ ቱ ቸርች» ዓለምን አዳረሰ። ቤተ ክርስቲያኗ ሰውን በፍቅሩ ታሳፍራለች የሚል ነው ነገሩ። ከሺኔድ 21 ዓመት በኋላ ተመሳሳዩን በር አንኳኳ። ማንም ሲዲውን በሮለር አላደቀቀም። በ2015 ሀገሪቱ በሕዝበ ውሳኔ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በ62 በመቶ ፈቀደች። በ1995 ፍቺ የተፈቀደው በ9,114 ድምፅ ልዩነት ብቻ እንደነበር ላስታወሰ፣ ሃያ ዓመት ውስጥ ምን ያህል መንገድ እንደተሄደ ይታየዋል። በ2022 የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊክ ነኝ ያለው 69 በመቶ ነው።

ማን ነኝ ብላ ነው?

ታዲያ ጫናው አልቋል? አላለቀም። ቤት ቀይሯል።

አየርላንዶች በየቀኑ የሚሏት አንዲት ቃል አለች፦ ኖሽንስ። «ኖሽንስ አላት» ከተባለች «ማን ነኝ ብላ ነው?» ማለት ነው። ከመንደሩ ልክ ከፍ ያለ ነገር የተመኘ፣ የተለየ የለበሰ፣ ራሱን ያወደሰ ሁሉ ይባላታል። ካህን አያስፈልጋትም፣ ሕግ አያስፈልጋትም። የቅርብ ጓደኛ እየሳቀ ይላታል፤ ትጠልቃለችም።

ሲማት የተባለችው ዘፋኝ ከሚዝ አውራጃ ደንቦይን የወጣች ናት። በ2024 በአንድ ትልቅ ኮንሰርት ስትዘፍን የሚያሳይ ቪዲዮ ሥር ስለ ሰውነቷ የሚያዋርድ አስተያየት ጎረፈ፤ የአስተያየት መስጫው እስኪዘጋ ድረስ። በ2025 መልሷን በዘፈን ሰጠች፤ የሚያስጨፍር ዜማ፣ ውስጡ ግን ቁስል። እዚያው ዓመት በወጣው «ዩሮ ካንትሪ» ደግሞ ከ2008 የኢኮኖሚ ውድቀት በኋላ በልጅነቷ ያየችውን ታወራለች። በሠፈሯ ያሉ አባቶች ዕዳው ሲከብድባቸው ራሳቸውን ያጠፉ ነበር። የቤት ባለቤት ሁን፣ መኪና ቀይር፣ ከጎረቤት አትነስ የተባለ ወንድ፣ ሲወድቅ የሚናገርበት አፍ አልነበረውም። የ1984ቱ ዝምታና የ2008ቱ ዝምታ ወንድምና እህት ናቸው።

ፎንቴንስ ዲሲ የተባለው የደብሊን ቡድን በ2022 ለሀገሩ የፍቅር ኑዛዜ የሚመስል ዘፈን አወጣ። መሀሉ ላይ ፍቅሩ ወደ ቁጣ ይዞራል፤ በቱአም ከተማ የእናቶችና ሕፃናት ማቆያ ወደሞቱት ሕፃናት። አንዲት የአካባቢ ታሪክ ተመራማሪ የ796 ሕፃናትን የሞት መዝገብ አንድ በአንድ ያሰባሰበችበት ቦታ ነው፤ አስከሬናቸውን ለማውጣት ቁፋሮ የተጀመረው በ2025 ነው። የዚያው አልበም መክፈቻ ደግሞ እንግሊዝ ኮቨንትሪ ውስጥ ስለሞቱ አንዲት አየርላንዳዊት ነው። ልጆቻቸው መቃብራቸው ላይ በአይሪሽ ቋንቋ «በልባችን ለዘላለም» ብለው ሊጽፉ ፈለጉ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ዳኛ ያለ እንግሊዝኛ ትርጉም አይሆንም፣ የፖለቲካ መፈክር ይመስላል አሉ። በ2021 በይግባኝ ተሻረ።

ከዛምቢያ በልጅነቷ የመጣችው የሊምሪክ ራፐር ዴኒስ ቻይላም አለች። በ2020 ስሟን በትክክል ስለመጥራት ብቻ አንድ ሙሉ ዘፈን ሠራች። በውጭ ሀገር ቢሮ ውስጥ «አጭር ስም የለሽም?» የተባለች አንባቢ ለምን እንደሆነ አይጠፋትም። አየርላንዳዊ መሆን ምን ይመስላል የሚለው ጥያቄ ዛሬ ትልቁ የመመሳሰል ጫና ሆኗል። ኖቬምበር 2023 ደብሊን ውስጥ በስደተኛ ጥላቻ አውቶቡስና ትራም ሲቃጠል ዓለም አይቷል።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ነፃ ዘፈን ለመጻፍ የቤት ኪራይ መከፈል አለበት። ደብሊን ውስጥ ኪራይ ወጣቱን ከወላጆቹ ቤት እንዳይወጣ አስሮታል። በ2022 መንግሥት ለ2,000 አርቲስቶች በሳምንት 325 ዩሮ ያለ ቅድመ ሁኔታ መክፈል ጀመረ፤ በ2025 መጨረሻም ቋሚ እንደሚሆን አስታወቀ። ምን ዝፈኑ፣ ምን አትዝፈኑ የሚል ነገር የለበትም። ይህ እጅግ የሚያስደስተኝ ውሳኔ ነው። በ1933 አዳራሽ የሠራን ሰው ያባረረች ሀገር ናት።

ማርች 2023 ላይ ሺኔድ በሀገሯ «ክላሲክ የአየርላንድ አልበም» የተባለውን ሽልማት ተቀበለች። ተነስታ በሀገሯ ላሉ ስደተኞች በሙሉ አበረከተችው። እንኳን ደህና መጣችሁ፣ እወዳችኋለሁ አለቻቸው። ከ4 ወር በኋላ፣ ጁላይ 26፣ በ56 ዓመቷ ለንደን ውስጥ አረፈች። ኦገስት 8 ቀን ቀብሯ በብሬይ የባሕር ዳርቻ አለፈ። አንድ ኢማም ጸሎት አደረጉ፤ የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት ተገኙ። ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ አበባ ወደ መኪናው ይወረውር ነበር። ከፊት የምትመራው አሮጌ የቮልስዋገን ካምፕ መኪና ናት። ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ ተጭኗል። ከማጉያው እየጮኸ የሚወጣው ቦብ ማርሊ ነበር።